ባለጋራን መርዳት ያስቀድማል ወይስ ወደ ኋላ ያስቀራል?

በአራዳ የኖረ ሰው የቀድሞውን አትክልት ተራ አይረሳውም። ገበያው በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ ከመዛወሩ በፊት፣ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ገዢ የሚሻሙ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንዱ ዝርዝር ሲያጣ ሌላው ሲያበድረው ደጋግመን አይተናል። ዛሬ ያበደረው ነገ ይበደራልና፣ ገዢውም ያን መደዳ ይለምዳልና፣ ፉክክራቸው ሳይቀር ሁለቱም ይጠቀሙ ነበር።

ይህን ያስታወሰን የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ደንብ ነው። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ዲን ኬመን በ1989 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባቋቋመው «ፈርስት» በተባለው ድርጅት ውድድር፣ እያንዳንዱ ወገን ሦስት ሮቦት ያሰልፋል። ወገንተኞቹ በየጨዋታው ይለዋወጣሉ፤ በማጣሪያው ደረጃ የሚሰጠውም ለየቡድኑ ነው።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) ደንብ ለማሸነፍ 2፣ ለእኩል መውጣት 1 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ከዚህም ሌላ በሜዳው መካከል በቆመው ተወዛዋዥ ድልድይ ላይ ከሁለቱ ወገን አንዳንድ ሮቦት በአንድነት ወጥተው ሚዛኑን ቢጠብቁ፣ ለሁለቱም ወገን 2 ተጨማሪ ነጥብ ይታሰብ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሒሳቡን እናስላው። ድልድዩን የናቀ አሸናፊ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ከባለጋራው ጋር ሚዛን የጠበቀ ተሸናፊም 2 ያገኛል፤ የተባበረ አሸናፊ ግን 4 ይዞ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አልተነካም፤ ነገር ግን ሳይተባበሩ ከቀሩት ሌሎች ቡድኖች ይልቅ ሁለቱም ከፍ ይላሉ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለ ፈተና አይደለም። በደረጃ ከጎኑ የቆመ ባለጋራ የገጠመው ቡድን፣ «ይህን ስለምን ላንሣው?» ብሎ ማመንታቱ አይቀርም። ባለጋራውን ለመጣል ሲል ግን የራሱንም 2 ነጥብ ይጥላል፤ ሌሎችም ሁለቱን አልፈው ይሄዳሉ። ደግሞም የዛሬው ባለጋራ በሚቀጥለው ጨዋታ ወገኑ ሊሆን ይችላል።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደንቡ ከዚህም አልፎ፣ በማጣሪያው ደረጃ የሚወሰነው በማሸነፍ ሳይሆን በአማካይ ውጤት ሆነ፤ ሁለቱ ወገኖች ተባብረው 4 ቢጫ ሣጥኖችን ቢደራርቡ ለእያንዳንዳቸው 40 ነጥብ ይታሰብላቸው ነበር።

ለአንድ የዕድገት ቦታ የሚፎካከሩ ሁለት ወጣት ሹማምንትም ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። የጓደኛውን መዝገብ ደብቆ የሚያዘገይ፣ የክፍሉንም ሥራ አብሮ ያዘገያል። አለቆች ደግሞ የልብ ቅንነትን ብቻ አይጠብቁ፤ በተማሪዎቹ ሜዳ መተባበር የተለመደው ነጥብ ስለተቆጠረለት ነውና፣ በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ሊቈጠርለት ይገባል እንላለን።