የተዘጋ አፍንጫና የጠብታ መድኃኒት

ጉንፋን ሲይዘን አፍንጫችን ለምን ይዘጋል? ብዙዎቻችን ንፍጥ ስለሞላው ይመስለናል። ንፍጡም ድርሻ አለው። ዋናው ግን የአፍንጫችን የውስጥ ሥጋ ማበጡ ነው። በዚህ ሥጋ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። ጉንፋን ሲይዘን፣ ወይም እዚህ ሐራ አውድማ ላይ ማሽላ ሲወቃ ብናኙ የማይስማማው ሰው ሲተነፍሰው፣ ሥሮቹ ይሰፉና ደም ይሞላቸዋል። ሥጋው ያብጣል፤ የአየሩም መንገድ ይጠባል። የቱንም ያህል ብንናፈጥ አፍንጫው አልከፈት የሚለን ለዚህ ነው።

ታዲያ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የአፍንጫ ጠብታ ምን ይሠራል? ለምሳሌ ዛይሎሜታዞሊን የሚባለው ጠብታ የደም ሥሮቹን ያኮማትራቸዋል። የመስኖ ውሃ ከላይ ሲቀነስ የራሰው ማሳ እንደሚጠነፍፍ ሁሉ፣ ደሙ ሲቀንስ እብጠቱ ይጎድላል፤ በጥቂት ደቂቃም አየር ይገባል። ጉንፋኑን ግን አልነካውም። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በ7 ወይም በ10 ቀን በራሱ ይለቃል። ጠብታው እስከዚያ ትንሽ እንቅልፍ እንዲወስደን ያግዘናል፤ ሥራው ይኸው ነው።

ጣጣው የሚመጣው ሲደጋገም ነው። ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ የደም ሥሮቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ኃይሉ ሲያልቅ ሥጋው ከበፊቱ የባሰ ያብጣል። ሰውየው «ጉንፋኑ አልለቀቀኝም» ይልና ይጨምራል። በጨመረ ቁጥር ይብስበታል። ወራት ሙሉ ጠርሙሷን ከኪሱ የማይለይ ሰው አለ። ጉንፋኑ ከለቀቀው ቆይቷል፤ አሁን አፍንጫውን የሚዘጋው ራሱ መድኃኒቱ ነው! እንዲህ ያለው ሰው ማቆም አለበት። ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቸገራል። መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ፣ ቆይቶ በሌላው ቢያቆም ይቀለዋል።

የሚዋጥም አለ፤ ሱዶኤፌድሪን ያለበት ክኒን ነው። ይህ በመላ ሰውነት ስለሚዞር የሌላውንም የደም ሥር ያጠባል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ የጤና ባለሙያ ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ጠርሙስ መዋዋስም ይቅር። ጫፉ የአንዱን አፍንጫ ነክቶ ወደ ሌላው ሲሄድ በሽታውን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የምንፈራው ለሕፃናት ነው። አፍንጫው የተዘጋ ሕፃን ጡት መጥባት ይቸግረዋል። እናቱ ትጨነቅና የትልቅ ሰው ጠብታ ጠብ ልታደርግለት ትችላለች። ይህ አደገኛ ነው። ጥቂት ጠብታ እንኳ ሕፃኑን ሊያደነዝዘው፣ የልቡን ምት ሊያዘገየውና ትንፋሹን ሊያዳክመው ይችላል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ የጤና ባለሙያ ካላዘዘ አይሰጥም።

ይልቅስ ሩብ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው ጨምራችሁ አሟሙት። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በውሃው ነክራችሁ ንፍጡን እያራሳችሁ ጥረጉለት፤ ከዚያ ይጥባ። ውሃው አይደር፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ከደረቱ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ወይም ጡት እምቢ ያለ እንደሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ቤት አይቆይ። በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ካሉም ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።