ልቅሶው ትንፋሹ የሆነ ሕፃን

ሕፃን ተወልዶ ሳያለቅስ ሲቀር ሁላችንም እንጨነቃለን፤ ሲያለቅስ ደግሞ ደስ ይለንና ወዲያው እሹሩሩ እያልን ዝም እናሰኘዋለን። እኔም በአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን እስክሰማ ድረስ ነገሩ ከዚህ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር። ዕውቀቴ ትንሽ ቢሆንም፥ ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ለመግለጽ አሰብሁ።

አክስቴ ባለፈው ዓመት እዚሁ ዋጃ በጤና ጣቢያ ወለደች። አያቴ እንደ ነገሩኝ ሕፃኑ እንደ ወጣ አለቀሰ፤ እልልታውም ቀለጠ። አያቴ ሲያባብሉት ግን ዝም አለና ከንፈሩ ጠቆረ። እንደ ገና ሲያለቅስ ቀላ፤ ዝም ሲል ጠቆረ። ይህን ጊዜ አዋላጇ፥ «እማማ፥ ተዉት ያልቅስ፤ ልቅሶው ነው ትንፋሹ» አለቻቸው። ቀጭን ቱቦ በሁለቱም አፍንጫው ብታስገባ አላልፍ አላት። ስለዚህ አፉ እንዳይዘጋ ትንሽ ቱቦ አድርጋ በአምቡላንስ ወደ ቆቦ፥ ከዚያም ወደ ወልዲያ ላከችው። በመጨረሻም ደሴ ደርሶ ለቀዶ ሕክምና በቃ። ዛሬ ይድሃል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሚተነፍሰው ከሞላ ጎደል በአፍንጫው ነው፤ በዚህም ጡት እየጠባ ለመተንፈስ ይችላል። በአፉ መተንፈስን ደኅና አድርጎ የሚለምደው ከሳምንታት በኋላ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳዎች በስተኋላ፥ ወደ ጉሮሮ በሚከፈቱበት ስፍራ፥ በአጥንት ወይም በስስ ሥጋ ተደፍነው የተወለደ እንደ ሆነ፥ አየር የሚያገኘው አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ብቻ ነው።

የአየር መንገድ የሚዘጋው በአፍንጫ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሕፃን አገጩ እጅግ ትንሽ ሆኖ ይወለዳል፤ ምላሱም ወደ ኋላ ተመልሶ ጉሮሮውን ይዘጋበታል። እንዲህ ያለውን ሕፃን በባለሙያ ዓይን ሥር በሆዱ ማስተኛት ብዙ ጊዜ ይረዳዋል፤ ምላሱ ወደ ፊት ይወድቃልና። ከሁሉ የሚከፋው ግን አንገት ላይ የበቀለ ትልቅ ዕጢ የአየር ቧንቧውን ሲጫነው፥ ወይም ማንቁርቱ ጨርሶ ሳይከፈት ሲቀር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሕፃን ዘጠኝ ወር በማኅፀን እንዴት ኖረ? በማኅፀን ሳለ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ስለ ሆነ በእርሱ አይተነፍስም። ኦክሲጅን ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ አልፎ በእትብቱ ይደርሰዋል። አደጋው የሚጀምረው ያ መንገድ ሲቋረጥ ነው።

ሐኪሞችም በዚህ ተጠቀሙ። በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ልዩ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ተጀመረ። እናቲቱ ትደነዝዛለች፤ ማኅፀኗ ይከፈትና የሕፃኑ ራስና ትከሻ ብቻ ይወጣል። ማደንዘዣው ጥልቅ ስለ ሆነ ማኅፀኗ አይኮማተርም፥ እንግዴ ልጁም አይላቀቅም። ሕፃኑ በእትብቱ ኦክሲጅን እያገኘ ሳለ ሐኪሞች በጉሮሮው ቱቦ ያስገባሉ፥ ይህ ካልሆነ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይከፍታሉ። እትብቱ የሚቆረጠው የአየር መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሆኖም ያልተኮማተረ ማኅፀን ብዙ ደም ስለሚያፈስ ለእናቲቱ አደጋ አለው። በተራ ወሊድ ደግሞ እንግዴ ልጁ ቶሎ ስለሚላቀቅ፥ እትብቱ ሳይቆረጥ ቢቆይ እንኳ ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ አያኖረውም።

ይህ ሥራ ብዙ ሐኪሞችን የሚጠይቅ ስለ ሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፥ ከ24ኛው ሳምንት በፊትም አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታደርግ መክሯል። የአንገት ዕጢ በዚህ መሣሪያ ሊታይ ይችላል። ሕፃኑ መዋጥ ሲያቅተውም የሽርት ውሃው ከመጠን በላይ ሊበዛ ይችላል፤ እንዲህ ያለች እናት ምጥ ሳይጀምራት ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ አለባት።

የአፍንጫ መደፈን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ እስኪወለድ አይታወቅም። በዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአዋላጇ እጅ ነው። ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ ለመተንፈስ ጥቂት እርዳታ ይፈልጋሉ፤ የሚበዙትም የአየር መንገዳቸው ክፍት ነው። አዋላጇ ሕፃኑን ታደርቀዋለች፥ ታሞቀዋለች፥ ጀርባውን ታሻሸዋለች። ካልተነፈሰ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱ ላይ ጭምብል አድርጋ፥ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ትሰጠዋለች። ዘቅዝቆ መምታትና ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ግን ሕፃኑን ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ! ከዋጃ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ የሕፃን ትንፋሽ ግን ደቂቃ አይታገሥም። አያቴ ልጆቻቸውን ሁሉ በቤት የወለዱ ናቸው፤ ዛሬ ግን በመንደራችን ነፍሰ ጡር ባዩ ቁጥር፥ «ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ እኔ ዝም ላሰኘው ስል ልገድለው ነበር» ይላሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።