ረጅሟ እጅ፦ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራና ሒሳቡ



በመካከላችን ኬክ ጋግረው፣ ዳንቴል ሠርተው፣ ሒጃብ ጠልፈው ለትምህርታቸው የሚሆን ገንዘብ የሚያገኙ እህቶች አሉ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ እናየዋለን። ሠሪዎቹም ራሳቸው «እቤት ስለሆነ ምንም አያስወጣኝም» ሲሉ እንሰማለን። በዚህ እትም ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ አባባል ልክ አለመሆኑን ነው። በቤት ተሠራም በሱቅ፣ ሥራ ሥራ ነው፤ ሒሳብም አማናም አለው።

የእጅ ሥራ በዲናችን

ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳሉ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሐዲስ ተነግሮናል። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ደግሞ ቆዳ ታለፋ፣ ትሰፋ ነበር፤ ያገኘችውንም ለሚስኪኖች ትሰጥ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚስቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው «እጀ ረጅሟ» እንደሆነች ሲናገሩ እጃቸውን እስከ መለካካት ደርሰው ነበር። ከሁሉም ቀድማ ወደ አኺራ የሄደችው ዘይነብ ስትሆን ግን ነገሩ ገባቸው፦ የእጅ ርዝመት ማለት ሠርቶ መስጠት ነበር።

የዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ሚስት፣ ሌላዋ ዘይነብ፣ እንዲሁ ባለ እጅ ነበረች። ለባሏና በእጇ ላሉ የቲሞች የምታወጣው ሶደቃ ሆኖ ይቆጠርላት እንደሆነ ብታስጠይቅ፣ ሁለት አጅር እንዳላት ተነግሯታል። ስለዚህ ጋግራ ለታናሽ ወንድሟ ደብተር የምትገዛ እህታችን ሥራዋ ትንሽ አይደለም።

በአገራችን ግን ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በሌላ በኩል የሐረር ሴቶች የሠሯቸው ስፌቶች የቤቱ ግድግዳ ላይ ተደርድረው የቤቱ ክብር ናቸው፤ ልጅቱም ስፌቱን ከእናቷ ከአክስቷ ትማራለች።

ከእንጦጦ የሚወርደው ሸክም

ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖሩ እህቶቻችን ይህን ጉዳይ ከደጃቸው ያዩታል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት የለጋሲዮን ይዞታ ነው። ከበላዩ እንጦጦ አለ። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከተማዋ ማገዶ ባጠራት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ እንጀራና ዳቦ ለብዙ ዘመን የተጋገረው በዚሁ ዛፍ እንጨትና ቅጠል ነው። በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። 30 እና 40 ኪሎ ተሸክማ ቁልቁለቱን የምትወርድ እናት ገበያ ስትደርስ ዋጋ የሚወጣለት ለእንጨቱ ነው። ለወገቧና ለመንገዱ ዋጋ የሚያወጣ የለም።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል አንዳንዶቹ በቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተሰባስበው ሸማ ወደ መሥራት ዞረዋል። በእኛ ባህል ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እነሱ ግን የሽመና ዕቃው ላይ ራሳቸው ተቀምጠው የአንገት ልብስና ነጠላ ሠርተው ይሸጣሉ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ፦ ጉልበቷ ያልተቆጠረላት ሴት ስትለፋ ትኖራለች፤ ሥራዋ ሙያ ሆኖ ሲቆጠር ግን ኑሮዋ መቀየር ይጀምራል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ፈረንሳይ የምትኖር፣ ኬክ ጋግራ ስድስት ኪሎ ለጓደኞቿ የምታደርስ ተማሪ አለች እንበል። ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዷቸው። ለዱቄት፣ ለእንቁላል፣ ለስኳርና ለቅቤ 400 ብር አወጣች። ለመብራት 40፣ ለካርቶን 60፣ ለታክሲ 50 ብር ጨመረች። ድምሩ 550 ብር ነው። ኬኩን በ700 ብር ስትሸጥ 150 ብር አተረፍኩ ትላለች።

አሁን ሰዓቷን እንቁጠር። ገበያ 1 ሰዓት፣ መጋገርና ማስዋብ 3 ሰዓት፣ ማድረስ 1 ሰዓት፤ በድምሩ 5 ሰዓት። በሰዓት 30 ብር ማለት ነው። ከስድስት ኬክ አንዱ መብራት ጠፍቶ ቢበላሽስ? ለእሱ የወጣው 440 ብር በቀሩት አምስቱ ላይ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ 88 ብር ይወስዳል። በእጇ የሚቀረው 62 ብር ብቻ ነው። ይህን ያላወቀች እህት ትእዛዝ በበዛላት ቁጥር ድካሟ እንጂ ገቢዋ አያድግም። ፈተና ሲደርስ የሚጎዳው ደግሞ ውጤቷ ነው።

መፍትሔው ዋጋ መጨመር ብቻ አይደለም። ትእዛዞችን ሰብስቦ በሳምንት አንድ ቀን መጋገር የገበያውን፣ የታክሲውንና የምድጃውን ወጪ ያካፍላል። ዳንቴል ለምትሠራዋ ደግሞ ዋናው ወጪ ክሩ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሠራችበትን ሰዓት ትመዝግብ። እናት ወይም እህት ካገዘቻትም ያ ጉልበት ይቆጠር። ወንድሞችም እናስብበት፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሳቸውን ይጥፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ፣ በቤት ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች።

ኬኩ ለምን ይሰምጣል?

ብዙ እህቶች ከስልክ ላይ ያዩትን አሠራር በልኩ ተከትለው ኬኩ መሐሉ ሲሰምጥ «እጄ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፈረንሳይ ደግሞ ከመሐል ከተማው ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝም ከሚገባው በላይ ይነፋል። ኬኩ ሳይበስል ቶሎ ያብጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ቀንሱ፤ ወተት ወይም ውሃ በሁለት ማንኪያ ጨምሩ፤ የምድጃውን ሙቀት ትንሽ ከፍ አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ውጤቱን ጻፉ። ለዳቦ ደግሞ የእንጦጦ ብርድ ሊጡን ያዘገየዋልና ሸፈን አድርጎ ሞቅ ያለ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል።

አማናው

ደንበኛ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው በእኛ ቃል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን አጥብቀው ገሥጸዋል። የሌላ ሰው ኬክ ፎቶ ለጥፎ ትእዛዝ መቀበልም ከዚሁ ወገን ነው። ማስዋቢያ ስትገዙ ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ፣ ቫኒላው አልኮል እንዳለው ጽሑፉን አንብቡ፤ ከተጠራጠራችሁ ዑለማ ጠይቁ።

ሰው አዞ የሚያሠራውን ነገር ፊቅህ «ኢስቲስናዕ» ይለዋል። ዓይነቱ፣ መጠኑና ዋጋው ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። ክፍያው በቅድሚያ፣ በከፊልም ሆነ ሲረከቡ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው መስማማታችሁ ነው። የምትረከቡበትን ቀን ጨምራችሁ ስምምነቱን በአጭር መልእክት ጻፉት። ብዙ ጓደኝነት የተበላሸው «ቅድም ያልነው ይህን ነበር» በሚል ክርክር ነው።

ገዢዎችም ድርሻ አለን። የእህታችንን ሥራ «በጓደኛ ዋጋ» ብለን አንጫን። ለኢፍጣር ሳምቡሳና ዳቦ ስናዝ ሒሳቡን በቀኑ እንክፈል፤ እሷ ዱቄቱን በዱቤ ገዝታው ይሆናል።

ገንዘቡን ከኪስ ገንዘባችሁ ለዩት። እቁብ መግባት፣ አለዚያም ወለድ አልባ ሒሳብ መክፈት ይቻላል። እንደ ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች፣ እንዲሁም ሌሎች ባንኮች የከፈቷቸው ወለድ አልባ አገልግሎቶች አሉ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንዲት ነገር እንጀምር። የምትሠራ እህት በደብተሯ አንድ ገጽ ላይ ወጪዋንና ሰዓቷን ትጻፍ። የምንገዛ ደግሞ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት ስንት ሰዓት እንደፈጀባት እንጠይቅ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንንም ለመስጠት ረጅም ያድርግልን። አሚን!