ስለ አየር መለኪያው ሴንሰርና በሞተር ላይ ጉልበት ስለ መጨመር

የአውቶሞቢል መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ከደንበኞቹ አፍ አዘውትሮ የሚሰማው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለች፤ ጉልበት የሚጨምር ምን አለህ?» የሚል ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉት ጋራዦችና መደብሮች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ሾጣጣ የሆነ ክፍት ፊልትሮ ያቀርባል፤ ሌላው ድምፁ የሚያገሣ ማርሚታ ይገጥማል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሞተሩን ኮምፒዩተር ፕሮግራም እለውጣለሁ ይላል። የሁሉም ዋጋ ቀላል አይደለም። ሻጩም ገዢውም የሚገበያዩት ነገር ምን እንደ ሆነ ቢያውቁት ለሁለቱም ስለሚበጅ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። 1,500 ሲ.ሲ. የሆነ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ከተረገጠ፣ በየደቂቃው እስከ 2,250 ሊትር አየር ይስባል። ሊትሩ እዚህም ጅቡቲም እኩል ነው፤ በሊትሩ ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ በፋብሪካው መጽሐፍ 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ሞተር፣ ቱርቦ የሌለው ከሆነ፣ በጉርድ ሾላ የሚሰጠው 75 ያህል ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር መንገዱ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞተሩ ሲበረታ ይሰማዋል፤ ወደ ደጋው ሲመለስም ሲደክምበት ያያል። መኪናው ግን አልታመመም።

ይህን የጎደለውን አንድ አራተኛ እጅ ፊልትሮ ሊመልሰው አይችልም። ፊልትሮ የመጣውን አየር ያሳልፋል እንጂ የሌለውን አያመጣም። እንዲያውም ሾጣጣው ፊልትሮ ያለ መከለያ በሞተሩ አጠገብ ሲገጠም የሚስበው በሞተሩ ሙቀት የጋለውን አየር ነው። 25 ዲግሪ የነበረው አየር 60 ዲግሪ ሲደርስ ከክብደቱ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይቀንሳል። ባለመኪናው የሚሰማው ጩኸት ግን ስለሚጨምር ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ማርሚታውም ቢሆን በተራ የቤት መኪና ላይ የሚያስገኘው ለውጥ ከድምፁ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው። የጎደለውን አየር በእውነት ለመመለስ የሚችለው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ቱርቦ ነው፤ እርሱም አብሮት በተሠራ ሞተር ላይ ሲሆን እንጂ፣ ለብቻው ተገዝቶ በማይችለው ሞተር ላይ ሲታሰር ትርፉ ሞተር ማውረድ ነው።

እንግዲህ ከከፍታው የተነሣ የሚጎድለው ይህን ያህል ከሆነ፣ ከቀረው ሰባ አምስት እጅ ላይ ደግሞ በቸልተኝነት የሚጠፋው ያሳስባል። እዚህ ላይ ነው የአየር መለኪያው ሴንሰር ነገር የሚነሣው።

በጋራዥ ቋንቋ «ኤርፍሎ» የሚባለው ይህ ሴንሰር፣ ከፊልትሮው ቤት ወጥቶ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቧንቧ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ከፕላቲኒየም የተሠራ እንደ ጠጉር የቀጠነ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሽቦውን ያግለዋል፤ የሚያልፈው አየር ያበርደዋል፤ ሙቀቱ እንዳይወርድ የሚጨመረው ኤሌክትሪክም ምን ያህል አየር እንዳለፈ ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። ኮምፒዩተሩም በዚያው ልክ ቤንዚኑን ይመጥናል። ከዚህ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ያወጣው መለኪያ አየሩ እየገፋ የሚከፍተው ክዳን ነበረው፤ ክዳኑ የአየሩን ክብደት በትክክል ስለማይለካ፣ በደጋ አገር ተጨማሪ ማስተካከያ ካልተደረገለት ቤንዚን ያበዛ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የትኩሱ ሽቦ መለኪያ ግን ክብደቱን ስለሚለካ፣ ለእንጦጦም ለአዋሽም ራሱ ያስተካክላል። እንደ እኛ ላለ አገር የተፈጠረ ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ሽቦውን አቧራ ወይም ዘይት ሲሸፍነው አየሩ በሚገባ ሊያበርደው አይችልም፤ መለኪያውም ካለፈው አየር ያነሰ ቁጥር ይናገራል። ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል፤ ሚኒሞው ይዋዥቃል፤ በመጨረሻም በክሩስኮቶው ላይ የሞተሩ መብራት ይበራል። በበጋ አቧራ የሚነሣበትን መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው በጊዜው ካልተለወጠ ወደዚህ መድረሱ አይቀርም። የሚያሳዝነው ደግሞ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የተሸጠው ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ፣ ዘይቱ ሲበዛበት ይህንኑ ሽቦ የሚያበላሽ መሆኑ ነው። ቧንቧውን በሰፊ ቧንቧ የለወጠም እንዲሁ ይሳሳታል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያሰላው በፋብሪካው ቧንቧ ስፋት ነውና።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ፤ ሽቦው ሳይነካ ተረጭቶ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል። በቤንዚን ማጠብና በኮምፕሬሰር መንፋት ግን ሽቦውን መበጠስ ነው። መካኒኩ መጠርጠር ሲፈልግ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ ይሞክር፤ ሞተሩ ከቀድሞው ከተሻለ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተውን ቁጥር ትቶ በግምት እየሠራ ነው ማለት ነው። አንዳንድ መኪናዎች ግን በዚህ ፈንታ የአየር ግፊት መለኪያ ያላቸው ስለ ሆነ ለእነርሱ ኤርፍሎ መሸጥ ከንቱ ነው።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ምኑ ነው የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው ያለችውን አጥብቆ ይይዛል፤ ለሚያድናት ነጋዴ ይመለሳል፤ ለሚያታልለው አይመለስም። በገበያው ያለው ኤርፍሎ በመልክ አንድ ሆኖ ሳለ በአለካኩ ይለያያል፤ አስመስሎ የተሠራው አዲስ ዕቃ ኮምፒዩተሩን የሚያሳስት ሲሆን፣ ካገለገለ መኪና የወጣው እውነተኛው ይሻለዋል ብለን እናምናለን። «ኦርጅናል ነው» የሚለው ቃል በእኛ ገበያ ከብዛቱ የተነሣ ዋጋ እያጣ መጥቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት የሰጠው መሆኑን ሻጩ አይርሳ።

ሴንሰር የሚሸጥ መደብር ከመሸጡ በፊት በአሮጌው ዕቃ ጎን ላይ የተጻፈውን የመለዋወጫ ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያስተያይ፤ ያንኑ ቁጥር፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑንና የሠራውን አገር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ደንበኛውንም አስቀድሞ «ታጥቦ ተሞክሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቀው።