ስለ ጥቁር ውሃ ወንዝና ስለ ሐዋሳ ሐይቅ፤ በወሰን ላይ ለሚገኙ ሹማምንት የተጻፈ ማሳሰቢያ

ወንዝ ለሰው የወሰን ምልክት ይሆናል፤ እርሱ ራሱ ግን ወሰን አያውቅም። በላይ ያለው ያደፈረሰውን በታች ያለው ይጠጣዋልና።

ጥቁር ውሃ ሲዳማና ምዕራብ አርሲ በሚዋሰኑበት ስፍራ፣ ከሐዋሳ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ይፈስሳል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች በጨለለቃ ረግረግ ተሰብስበው፣ በዚህ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈስሰውም እርሱ ብቻ ነው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ውሃው የሚጐድለው ተንኖና ወደ ምድር ሰርጎ ስለ ሆነ፣ የገባው ደለል በዚያው ይቀራል።

ጨለለቃ ከ50 ዓመት በፊት ራሱ ሐይቅ ነበረ፤ ደለልን እንደ ወንፊት ያስቀር ነበር። ነገር ግን የተራሮቹ ዱር ሲመነጠር ጐርፍ አፈሩን አምጥቶ ሞላው፤ ዛሬ ረግረግና የከብት መሰማሪያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ገበሬው ቁልቁለቱን ያረሰው በክፋት አይደለም። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ስለ ጠበበው ነው። ዓሣ አጥማጁም እንዲሁ ነው፤ ገበያው በልጦ ዓሣው ሲያንሰው ዓይነ ጠባብ መረብ ይጥላል። ቆሮሶ ግን በዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚራባ ስለ ሆነ፣ ጫጩቱ ሲጠመድ የከርሞው እንጀራ ዛሬ ተበላ ማለት ነው። ጉማሬውና አባ ኮዳው፣ እነርሱንም ለማየት የሚመጣው እንግዳ፣ በዚሁ ውሃ የሚኖሩ ናቸው።

ስለዚህ በሁለቱም ወገን ያሉ ሹማምንት የሚከተለውን ቢፈጽሙ ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ቁልቁለቱን አትረሱ ብሎ መከልከል ብቻውን ረኃብን ማዘዝ ነውና፣ ከእርከኑ ጋራ እንሰት፣ ቡናና የከብት ሣር የሚተከልበትን መንገድ ለገበሬው ማዘጋጀት።

ሁለተኛ፤ በወንዙና በሐይቁ ዳር ያለውን ደንገልና ሣር ከማረሻ መጠበቅ።

ሦስተኛ፤ ዓሣው በሚራባበት ወራት ዳር ዳሩ እንዳይጠመድ፣ ከአጥማጆቹ ማኅበራት ጋራ ተማክሮ መወሰን።

በአንዱ ዳር የተሠራ እርከን በሌላው ዳር ካልተሠራ ጐርፉ በዚያ በኩል ይገባል። የወንዙ ሥራ አንድ ነውና ምክሩም አንድ ይሁን።