ከሞጣ እስከ ሰባራ ድልድይ፦ የእግር ጉዞ ከነሥርዓቱ



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችን ወዴት ይሂዱ? ይህ በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን የአላህን ፍጥረት እንድናስተውል ያስተምረናል። በቢቸናና በሞጣ አድገን፣ ስለ አባይ በመጽሐፍ እያነበብን፣ በእግራችን ወርደን ሳናየው የምናረጅ ግን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚደረገውን የሁለት ቀን ጉዞ እንዴት ማቀድ እንደሚቻል ባጭሩ እናቀርባለን።

ሰባራ ድልድይ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተሰብሮ ስሙን አገኘ። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሔት አይቶ ሰው አስተባበረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ።

አንደኛ፣ ጊዜው። በክረምት ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ ወንዙም ይሞላል። ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። የጁሙዓ ሶላት እንዳያመልጥ ቅዳሜ ከፈጅር በኋላ መነሣት ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዎቹ። ብቻን መጓዝ አይገባም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አስተምረዋል። ወጣቶች ወላጅ ያስፈቅዱ፤ እህቶችም ከመሕረሞቻቸው ጋር ይሁኑ። መንገዱን የሚያውቅ ያገር ሰው አይታጣ።

ሦስተኛ፣ ስንቁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ጋቢ፣ ባትሪ፣ አጎበር፣ የቁስል መድኃኒት ይበቃል። ሸክሙ ከተሸካሚው ክብደት አንድ አምስተኛ አይብለጥ፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ10 ኪሎ በላይ አይሸከም። ቆላው የወባ አገር ነውና ያለ አጎበር አይታደርም። በአባይ አዞ ስላለ መዋኘት ቀርቶ ለውዱእም ቢሆን ዳር ሳይቆዩ በጆግ መቅዳት ይገባል። የሚጠጣውም ይፈላ።

ከዓመታት በፊት እኛም ደረሶች ይዘን ወደ ቆላ ስንወርድ የምግቡን አስበን የውኃውን ዘነጋን። ቁልቁለቱ አታለለን። በመልሱ ዳገት ላይ አንዱ ልጅ ራሱን ሊስት ምንም አልቀረው። የቀረችውን ውኃ ለእርሱ ትተን ዙህርን በተየሙም ሰገድን። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ሳንቆጥር አንነሣም።

አራተኛ፣ ሶላቱ። ብዙዎቹ ዑለማዎች የሙሳፊርን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገምቱታል። ከሞጣ አባይ ድረስ ያን ያህል አይሞላምና የሞጣ ልጅ ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል፤ በኹፉ ላይ የሚያብሰውም አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ ነው። ከቢቸና የተነሣው ግን መንገዱ ከቤቱ ጀምሮ ስለሚቆጠር ያሳጥራል፤ ማበሱም ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ይሆንለታል። ታዲያ አብረው እንዴት ይስገዱ? የሞጣው ኢማም ከሆነ የቢቸናው ተከትሎ አራት ይሞላል። የቢቸናው ካሰገደ በሁለት ያሰላምታል፤ የሞጣዎቹ ተነሥተው የቀረውን ይሞላሉ። ጠብም ግርታም የለም። ዝርዝሩን ከመነሣት በፊት የአካባቢን ዓሊም መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ልጅን መንገድ መስደድ ቀላል ነገር አይደለም። እቅዱን ዛሬ እንጻፍ፤ መነሻውን ቀን ግን የመንገዱ ሰላም ይወስን። መዘግየት ፍርሃት አይደለም፤ ነፍስን መጠበቅ አማና ነው። ድልድዩ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ እርሱ ይጠብቀናል።

አላህ ለአገራችን ሰላም ሰጥቶ ከልጆቻችን ጋር ለመሻገር ያብቃን። አሚን።