እንገር፦ ከወተት የሚቀድመው

ላም እንደወለደች የሚታለበው ወተት ቢጫና ወፍራም ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። እንገር እንለዋለን። እሳት ላይ ሲጣድ እንደ ወተት አይገነፍልም፤ እንደ እንቁላል ይረጋል። የሚያረጋው ፕሮቲኑ ነው። ከ100 ግራም ወተት 3 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ በመጀመሪያው እንገር ውስጥ ግን 14 ግራም ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ፕሮቲን ሥጋ ለመገንባት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ብዙው ዘብ ነው።

ዋነኞቹ ዘቦች ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባሉት በሽታ ተከላካዮች ናቸው። የሰው ልጅ ከእነዚህ የተወሰኑትን ገና በማኅፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ደም ይወርሳል። የላም እንግዴ ልጅ ግን አያሳልፋቸውም፤ ጥጃ ባዶ እጁን ይወለዳል ማለት ይቻላል። ስንቁ ያለው እናቱ ጡት ላይ ነው። የጥጃው አንጀት እነዚህን ፕሮቲኖች ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በሩም በየሰዓቱ እየጠበበ ይሄዳል። ማታ የተወለደን ጥጃ ሳያጠቡ ማሳደር ከባድ ጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ላክቶፈሪን ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. በላም ወተት ውስጥ ታወቀ፤ በ1960 ከእናት ጡት ወተት ተጣርቶ ወጣ። ሥራው ብረት መያዝ ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ያለ ብረት አይባዙም፤ ላክቶፈሪን ቀድሞ ብረቱን ይወስድና ያስርባቸዋል። ብረት ሲይዝ መልኩ ወደ ሮዝ ይለወጣል። በእናት እንገር ውስጥ ያለው መጠን ከኋለኛው ወተት እጅግ ይበልጣል። አጠገቡም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ አለ፤ ወደ ደም ሳይገባ የሕፃኑን አንጀት ከውስጥ ይሸፍናል።

ታዲያ በአገራችን አንዳንድ አካባቢ ይህ እንገር «የቆየ ወተት ነው፣ ሆድ ያማል» ተብሎ ይደፋል፤ ሕፃኑ በምትኩ ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ይቀምሳል። በደግ ልብ የሚደረግ ነው፤ ግን ሕፃኑን ይህን ዘብ ያሳጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ ይላል። ቢጫነቱ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ማነሱም አያስጋ፣ የአራስ ሕፃን ጨጓራ ትንሽ ናት።

እናቶች፣ አያቶች፣ አዋላጆች፦ አራስ ቤት ስትገቡ ቅቤውን ከማቅረብ ይልቅ ሕፃኑን ጡት አስይዙት፤ እንገሩንም አንድ ጠብታ አትድፉ።